ከመጋረጃው የወጣው እጅ

ጀልባዋ ከድንጋዩ ድልድይ ሥር ስትወጣ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ጌንፉ የኋላውን ጣውላ ተደግፎ ረጅሙን መቅዘፊያ በባዶ እግሩ ይገፋል፤ አጭሩን መሪ በብብቱ ይዟል፤ በነጻ እጁ የተቆላ ባቄላ ወደ አፉ ይወረውራል። አሮንግ የጀልባዋ ጥቁር ዳስ በሚያልቅበት ቦታ ተቀምጣ እግሮቿን ከሽርጧ ሥር ለመሰብሰብ ትታገላለች። አልታጠፍ ብለዋታል።

ሐኪም ቹ ዪሻን ተኝተዋል። የመድኃኒት ሣጥናቸውን ተንተርሰው፣ ጥቁሩን የሱፍ ቆብ ዓይናቸው ላይ ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው። አሮንግ ያገኘቻቸው ሌላ መንደር አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት ዘንድ አድረው፣ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ነው። የታኦ ቤት እንደሚፈልጋቸው ስትነግራቸው እሺም እምቢም አላሉም። ሣጥናቸውን አቀበሏት፣ ጀልባዋ ላይ ወጡ፣ ተጋደሙ። ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ሲተኙ ደግሞ ከዚያም በላይ ያረጁ ይመስላሉ።

የታኦ ቤት ታዋቂ ሐኪም ሲጠራ ቀይ የግብዣ ካርድ የያዘ መጋቢና አራት ሰው የሚሸከመው ወንበር ይልካል። ባለፈው ወር ሁለት ሐኪሞች እንዲህ ባለ ክብር መጥተው ሄደዋል። ለሐኪም ቹ የተላኩት ግን አንዲት የጓዳ ሠራተኛና ዓሣ የሚሸት አሮጌ ጀልባ ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሐኪም ቹ ብዙ ዓመት የአውራጃው እስር ቤት ሐኪም ነበሩ። ሌባና ነፍሰ ገዳይ ሲዳስስ የኖረን እጅ በፊት ለፊት በር ማስገባት ደግሞ ለታኦ ቤት ነውር ነው። እስር ቤቱን የሞላው ሰው ከየትኛው ቤት ዕዳና ክስ የተነሳ እንደገባ ግን ማንም አይጠይቅም።

አሮንግ የምታስበው ግን ይህን አልነበረም። ስለ እግሯ ነበር የምታስበው። እብጠቱ የጀመረው ከቁርጭምጭሚቷ ነው፤ አሁን ጉልበቷ ደርሷል። ጣቶቿ ድንጋይ ቢረግጡም ጨርቅ ቢረግጡም ለይተው አያውቁም። ከሰሞኑ ደግሞ ውሃ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ ልቧ እንደ ተያዘ ወፍ ይራወጣል። በመንደሩ የእግር ደዌ ይሉታል። ወደ ላይ ወጥቶ ደረት የደረሰ ዕለት ይገድላል፤ ይህን የማያውቅ የለም።

እሷን የበለጠ የሚያስፈራት ግን ሞቱ አልነበረም። ከእሷ በፊት የታኦ ቤት እመቤትን ጓዳ ትጠብቅ የነበረችው ሚንሹ እግሯ አብጦ መቆም ሲያቅታት፣ የቤቱ ሰዎች በበር ሳንቃ ተሸክመው ጀልባ ማደሪያው ዳስ ውስጥ አስተኝተዋታል። ባዕድ ሰው ጣሪያ ሥር ከሞተ ነፍሱ ቤቱን አይለቅም ይባላላ። መጀመሪያ ላይ አሮንግ አጥሚት ትወስድላት ነበር። በኋላ መውሰድ ተከለከለች። አሮንግ የምትመለስበት ቤት የላትም። ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድሞች ናቸው ለታኦ ቤት የሰጧት። ስለዚህ ደብቃለች። ትቆማለች፣ ትስቃለች፣ ባልዲ ታነሳለች፤ ማንም ሳያያት ደግሞ ግድግዳ ትደገፋለች።

«ልጄ፣ እግርሽ የሚከብድሽ ጠዋት ነው ማታ?»

ዞር አለች። ሐኪሙ ቆባቸውን አላነሱም።

«አይከብደኝም አባቴ። ብዙ ስለ ቆምኩ ነው።»

«ጫማሽን ከጎኑ በመቀስ ቀደሽዋል።»

«አይጥ በልቶት ነው።»

ጌንፉ ከኋላ ሳቀባት። «የታኦ ቤት አይጥ ልብስ ሰፊ ናት መሰለኝ፤ ቀጥ አድርጋ ነው የበላችው።»

ሐኪሙ አልሳቁም፤ ሌላም አልጠየቋትም። ፊታቸውን ወደ ጌንፉ አዙረው ስለ ልጆቹ፣ ስለ ወገቡ፣ ስለ ወንዙ መሙላት አወሩ። በወሬ መሀል ጀልባ ማደሪያው ውስጥ ሰው ሞቶ ነበር ሲባል እንደ ሰሙ ጠየቁት። ጌንፉ ባቄላውን ማኘክ አቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ሚንሹ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። አሮንግ ዝናቡን እያየች ሰማች። ሐኪሙ ዳግመኛ ወደ እሷ አልተመለሱም። እሷም ሰውየው ነገሩን እንደ ረሱት አስባ ቀለል አላት።

መንገዱ ረጅም ነበርና ጌንፉ ሊያጫውታቸው ሞከረ። ሌቦቹን ሲያክሙ ኪሳቸው ተዳብሶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ኪስ የሚዳብሱት ጠባቂዎቹ ናቸው» አሉ ሐኪሙ። «ሌቦቹማ ያፍራሉ።»

ከዚያ በኋላ ትንሽ ስለራሳቸው አወሩ፤ ሰው እንቅልፉን ለማባረር እንደሚያወራው። አባታቸው በየመንደሩ የብረት ቀለበት እያቃጨሉ የሚዞሩ የመንገድ ሐኪም ነበሩ። በር የሚከፈትላቸው ሌላ ሐኪም ያልተገኘ ዕለት ብቻ ነው። ልጃቸው እንዲህ እንዳይዋረድ ብለው ከተማ ውስጥ ለአንድ ስመ ጥር ሐኪም ሰጧቸው። ቹ ዪሻን የዚያን ሰው ሣጥን እየተሸከሙ መጻሕፍቱን ሁሉ በቃላቸው ያዙ። አንድ ቀን ግን፣ ጌታቸው ትርታ ሲያዳምጥ፣ በሽተኛዋን ትናንት ምን በላሽ ብለው ጠየቋት። ጌታቸው ዕለቱን አባረራቸው። ተማሪው ጠየቀ ማለት መምህሩ አላወቀም ማለት ነዋ። ከዚያ በኋላ የተቀበላቸው እስር ቤቱ ብቻ ነበር።

«እዚያ ሕመሙን የሚደብቅ የለም» አሉ። «ያልታመመውም ታመምኩ ይላል። ስለዚህ መጠየቅ ሥራዬ ሆነ። ምን በላህ፣ ከማን ጋር በላህ፣ ስትነሳ መጀመሪያ የሚያምህ የት ነው፣ ምን ትፈራለህ። አንድ ጊዜ ብትጠይቀው ይዋሻል። ደጋግመህ ከጠየቅከው ይሰለቸውና እውነቱን ይናገራል።»

ጌንፉ ታዲያ ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ምን እንዳተረፉ ጠየቃቸው። ሐኪሙ በእጃቸው ዓይናቸውን አሹ። አንድ ነገር ተምሬያለሁ አሉ። እስረኛው የሚበላው ገለባና ፉርሽካ የተቀላቀለበትን ጥቁር ሩዝ ነበር፤ ጠባቂው ደግሞ ተወቅጦ ተወቅጦ የነጣውን። በዝናቡ ወራት እግራቸው እያበጠ የሚወድቁት ጠባቂዎቹ ነበሩ። ይህን አለቆቹን ለማሳመን ብዙ ደከሙ፤ አልሆነላቸውም። ነጭ ሩዝ የበላ ሰው ከእስረኛ ይልቅ ይታመማል የሚለውን ነገር የሚሰማ ጆሮ አልነበረም።

ይህን ብለው እንደገና ተኙ።

በእኛ ዘንድ አንድ ነውር አለ፤ ዘመኑ የንጉሥ ዳኦጓንግ ይሁን ከእሱ በፊት የነበረው ንጉሥ ለውጥ የለውም። ሐኪም ስንጠራ ሕመማችንን እንደብቃለን። እጃችንን በመጋረጃ እናሾልክና ዝም እንላለን። ሐኪሙ ከጠየቀን አላዋቂ ነው፤ ገምቶ ካገኘ ሊቅ ነው። ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄደን እግራችንን ከደበቅን በኋላ ልኩን ገምት የምንል አይደለንም፤ ጫማው ይጠበናላ። በሕይወታችን ግን እንቆቅልሽ እንጫወታለን። ሐኪሞቻችንም የዋሆች አይደሉም፤ ዘዴውን ደርሰውበታል። የማይገድል የማያድን፣ ማንም የማይከስስበት ለስላሳ መድኃኒት ይጽፋሉ። ከላዩ ጂንሰንግ የሚባለውን ሥር ይጨምሩበታል፤ ውድ ነገር ሲሰጥ ሀብታም ደስ ይለዋልና። በሽተኛው ከዳነ በእነሱ ነው፤ ከሞተም በዕጣው። ቀይ ካርድ የተላከላቸው ሁለቱ ሐኪሞች የጻፉት ይህንኑ ነበር። እመቤት ታኦ ለአንድ ወር ጂንሰንግ ጠጥታ አሁን ያለ ደጋፊ ከአልጋዋ መውረድ አቅቷታል።

ታኦ ዣኦሊን ሁለተኛ ልጇ ነው። የመጀመሪያውን የሹመት ፈተና አልፏል፤ ሁለተኛውን ግን ደጋግሞ ወድቋል። በዚህም ምክንያት የሚፈተን ሰው ሲያይ ደስ ይለዋል። ጀልባዋ የቤቱ የውሃ በር ጋ እንደ ደረሰች ወርዶ ሐኪሙን በእጁ ምልክት ወደ አዳራሹ አሳለፋቸውና አሮንግን በጓዳ በኩል ይዟት ገባ። ያሰበውን ባጭሩ ነገራት። ከእናቱ ጋር መጋረጃው ውስጥ ትገባለች፣ እጇን ታወጣለች፣ ትንፍሽ አትልም። የእስር ቤቱ ሐኪም የጤነኛ ሠራተኛን ትርታ ይዞ የእመቤትን በሽታ ከተነተነ ውሸታም ነው፤ በመጣበት ጀልባ ይመለሳል።

አሮንግ እጄ ሻካራ ነው፣ ያውቁብኛል አለችው። ዣኦሊን ሳቀ። መንገድ ሙሉ አብሯት ቢመጣስ፣ የሠራተኛ እጅ የሚያይ ማን ነው?

እንደዚህ ያለ ስሕተት የሚሠራው እንደዚህ ያለ ሰው ብቻ ነው።

የእመቤት ታኦ አልጋ በራሱ አንድ ክፍል ነው፤ የተቀረጸ ጣሪያ አለው፣ ግድግዳ አለው፣ ከመጋረጃው በስተውስጥ የእግር መርገጫ ጣውላ አለው። አሮንግ እዚያ ጣውላ ላይ ተንበረከከች። ጉልበቷ ውስጥ ውሃ የተሞላ ይመስል ነበር። እመቤቲቱ ከበላይዋ በትራሶች መሀል ተቀምጣ፣ ካምፎርና የሐር ሽታ እየሸተተች፣ ልጇ ያመጣውን ጨዋታ በንቀት ትመለከታለች። ሰባ ዓመት ሊሆናት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዳያድጉ የታሰሩት ትንንሽ እግሮቿ በጥልፍ ጫማ ውስጥ ናቸው፤ ከጫማው በላይ ያለውን ግን ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። አሮንግ እጇን በመጋረጃው ስንጥቅ አወጣች። ትንሿ የክንድ ትራስ ቀዝቃዛ ነበረች።

ሦስት ጣቶች አንጓዋ ላይ አረፉ።

ጣቶቹ ቆዩ። ጫን አሉ፣ ለቀቁ፣ እንደገና ጫን አሉ። አሮንግ ትንፋሿን ያዘች፤ ልቧ ግን ትእዛዝ አልሰማ አለ፣ ሮጠ። ከመጋረጃው ውጭ የዣኦሊን የውሃ ፒፓ ይንተከተካል።

ሐኪሙ የእጁን ባለቤት ምን እንደምትበላ ጠየቁ። ሌሊት ተንጋሎ መተኛት ይከብዳት እንደሆነ ጠየቁ። መልስ የለም።

«በመጠየቅማ ጎረቤትም ይጠይቃል» አለ ዣኦሊን። «እርስዎን የጠራነው እንዲነግሩን ነው።»

«ጎረቤት ጠይቆ ቢሆን ኖሮ እኔን ባልጠራችሁኝ ነበር» አሉ ሐኪሙ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነው የነበረው። ከዚያም እጇን ሳይለቁ መናገር ጀመሩ። «ትርታው ፈጣን ነው፤ ጫን ስለው ይጠፋል። የዚህ እጅ ባለቤት ከሰዓት በኋላ እግሯ ይከብዳታል። ጣቶቿ ደንዝዘዋል፤ የቆመችበትን ለማወቅ ወደ ታች ማየት አለባት። ከተቀመጠችበት ስትነሳ አንድ ነገር ትይዛለች። ሰው ካየ ግን ምንም እንዳልሆነች ትመስላለች። በዚሁ ከቀጠለች የዘንድሮው ሩዝ ሳይታጨድ ልቧ ይቆማል።»

አሮንግ እጇን ልትስብ ሞከረች። ጣቶቹ አልለቀቋትም። ገደሉኝ ብላ አሰበች፤ ስለ ጀልባ ማደሪያው ሰምተው፣ አውቀው፣ ገደሉኝ።

ዣኦሊን ፒፓውን አስቀመጠ። ጊዜውን ሲጠብቅ የነበረ ሰው ነው። የእናቴ እጅ አይደለም አለ። በሬ የምታህል ሠራተኛ ናት፣ ጠዋት ጀልባ ይዛ የሄደች፣ ባልዲ የምትሸከም። እንዲህ እያለ ከሳቀ በኋላ ስለ ሐኪሞች ውሸታምነት በመጽሐፍ ቋንቋ ያዘጋጀውን ንግግር ጀመረ። ንግግሩን አልጨረሰም።

«ዝም በል» አለች እናቱ ከመጋረጃው ውስጥ።

«እማዬ፣ ሰውየው እኮ...»

«ዝም በል አልኩህ። የተናገሩት የኔን ሕመም ነው።»

አሮንግ አንገቷን አቅንታ እመቤቷን አየች። የዚያች ሴት ፊት ሁልጊዜ የተቆለፈ በር ይመስላል፤ አሁን ግን ተከፍቶ ነበር። ጣቶቼ ሞተዋል አለች እመቤቲቱ፣ ለማንም ሳይሆን። ከብርዱ ወራት ጀምሮ ሞተዋል። ወደ ሽንት ቤት ስሄድ ይቺን ልጅ ትከሻዋን ይዤ ነው የምሄደው። ለዚያ ለባለ ወንበሩ ሐኪም ልነግረው ነበር፤ ልጄ ግን አይንገሩት፣ ራሱ ይወቀው አለኝ።

ሐኪም ቹ መጋረጃውን አልነኩም። የማን እጅ እንደሆነ አውቀው እንደ ተናገሩ አስረዱ፤ ዛሬ ጠዋት ሣጥናቸውን የተቀበለቻቸው ይቺው እጅ ናት። ቀጥለውም ያለ አንዳች ሥነ ሥርዓት አሮንግን በስሟ ጠሩና የእመቤቷን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ጫን እንድትል፣ ያየችውን እንድትነግራቸው አዘዙ። ወንድ ሐኪም የእመቤትን እግር አያይም፤ ስለዚህ ዓይናቸው እሷ ትሆናለች።

አሮንግ ብርድ ልብሱን ገለጠች። ጫን አለች፣ ለቀቀች።

«ጎድጎድ ብሎ ቀረ» አለች።

«ጥልቅ ነው?»

«የሩዝ ፍሬ የሚያስተኛ ያህል ነው።»

«አሁን ያንቺን ጫኚ።»

ከመጋረጃው ማዶ ሐኪሙ ጠበቁ። ጀልባዋ ላይ ለጌንፉ ያሉት ትዝ አላት፤ ይህ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው ነው። ሱሪዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። ጫን አለች። አውራ ጣቷ እስከ ጥፍሯ ሰመጠ፣ ጉድጓዱም እንዳለ ቀረ። እመቤቲቱ ጎንበስ ብላ አየች፤ አየችና አፏን በመሐረብ ያዘች።

«ጥልቅ ነው» አለች አሮንግ። «የኔ በጣም ጥልቅ ነው አባቴ።»

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ጠየቁ፣ ሴቶቹም መለሱ፤ በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። እመቤቲቱ የምትበላው እየተወቀጠ እንደ ዕንቁ የነጣውን ሩዝ ነው፤ ወጥ ይከብደኛል ብላ ሌላውን ሁሉ ትታለች። አሮንግ የምትበላው እመቤቷ ያስተረፈችውን ነው፣ ከዚያው ሳህን። የቀሩት ሠራተኞች ኩሽና ውስጥ ያልተፈተገውን ከጎመንና ከባቄላ ጋር ይበላሉ። ከእመቤት ሳህን መብላት ግን ክብር ነው፤ ሚንሹም ያን ክብር ነበራት። ይህ የመጨረሻው ቃል ሲነገር ማንም ማንንም አላየም።

ዣኦሊን መጀመሪያ የተናገረው እንዲህ ነው፦ እንዲያ ከሆነ ይቺ ሴት በጠና ታማለች፤ እናቴ አልጋ ሥር እንዴት ትውላለች፣ ዛሬውኑ ከቤት ትውጣ። ክፋት አልነበረበትም፤ የከፋው ነገርም ይሄው ነው። አሮጌ ምንጣፍ ይውጣ በሚል ድምፅ ነው የተናገረው።

አሮንግ ሐኪም ቹን በስንጥቁ በኩል አየቻቸው። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ትከሻቸው ወርዷል። ሊነሱ የሚፈልጉ ይመስላሉ፤ ወንበሩ ግን ይዟቸዋል።

«ጌታዬ» አሉ፣ «እናትዎና ይቺ ሴት በአንድ መንገድ ነው የሚሄዱት። እሷ ቀድማለች። በእናትዎ ላይ ነገ የሚሆነውን ዛሬ የማየው በእሷ ላይ ነው። የእናትዎን እግር ማየት አልተፈቀደልኝም፤ የእሷን ግን አያለሁ። መድኃኒቴ እሷ ላይ ከሠራ እናትዎ ላይ ይሠራል፤ እሷ ላይ ካቃተው ጊዜ ሳያልፍ እለውጠዋለሁ። ካስወጧት ግን ዕውር ሆኜ ነው የማክመው። ዕውር ሐኪም ከፈለጉ ደግሞ ወንበር የተላከላቸው አሉልዎ።»

ከዚያም የሚበላውን ተናገሩ። ነጩ ሩዝ ይቅር። የሩዝ ፉርሽካ ተነፍቶ በአጥሚት ይፍላ፤ ደቃቁ ቀይ ቦሎቄና ነጭ ሽንኩርት ይጨመርበት፤ ያልተፈተገ ገብስም ይብሉ። ጂንሰንጉ ይቁም። ሁለቱም ከአንድ ድስት፣ በአንድ ሰዓት፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይብሉ። እሷ ውሃ አትሸከምም፣ ደረጃ አትወጣም፤ ሥራዋ መብላትና እግሯን ማሳየት ነው።

«ፉርሽካ?» አለ ዣኦሊን። «የአሳማ ቀለብ ለእናቴ?»

«አሳማዎችዎ እግራቸው አብጦ ያውቃል?»

እመቤቲቱ መጋረጃውን በገዛ እጇ ገለጠች። ባዕድ ወንድ ፊቷን ሲያይ ከስንት ዘመን በኋላ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሐኪሙን ከቆባቸው እስከ ጭቃማ ጫማቸው አየቻቸው፤ የወደደቻቸው አልመሰለም። ከዚያ ልጇን ወጥቶ ለወጥ ቤቷ እንዲነግር አዘዘችው። ዣኦሊን ስለ ቤቱ ስም፣ ስለ ሰው ወሬ አንዳንድ ነገር ተናገረ። እሷ መጋረጃውን መልሳ ዘጋችው። የተፈታኙ ልጇ ጉዳይ በዚህ አበቃ።

አሮንግ ሣጥኑን ይዛ እስከ ውሃ በሩ ድረስ ሸኘቻቸው። ሐኪሙ ሣጥኑን ተቀበሏትና ከዛሬ ጀምሮ ይህንም አትሸከሚም አሏት። ዝናቡ ቆሟል፤ ጌንፉ ከጀልባዋ ውሃ በጣሳ ይቀዳል። ሊጠራቸው ሌላ ሰው መጥቶ ማዶ ካለው ድልድይ ላይ እጁን ያውለበልባል፤ ፊቱን አይቶ መጥፎ ነገር እንዳለ ማወቅ ይቻል ነበር።

አሮንግ ልታመሰግናቸው ፈለገች፤ አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተናገሩት እሷን ለማዳን ብለው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ለእመቤትሽም እውነት ነው» አሉ። «እውነት ባይሆን ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ስሚኝ ልጄ፣ ያንቺ ዘግይቷል። ልሸነግልሽ አልፈልግም። በዚህ ወር እብጠቱ ወደ ታች ካልወረደ እኔም ሌላ ነገር የለኝም። ሌሊት ስትጋደሚ ትንፋሽ ካጠረሽ ጌንፉን ላኪው፤ የትም ብሆን ያገኘኛል። ደግሞ አትደብቂኝ። ከሁሉም የሚያደክመኝ እሱ ነው።»

ጀልባዋ ላይ ወጥተው ሣጥናቸውን ትራስ አደረጉ። ጌንፉ መቅዘፊያውን ሲገፋ ቆባቸው ዓይናቸው ላይ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቷ ሁለት ሳህን አመጣች። አጥሚቱ ቡናማና ዝልግልግ ነበር፤ ቦሎቄው እንደ ጠጠር ከላዩ ተበትኗል፤ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ወጥ ቤቷ አፍንጫዋን ይዛ እየሳቀች ወጣች። አሮንግ በእመቤቷ ፊት ተቀምጣ በልታ አታውቅም። በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ማንኪያውን አልነካችም። ልማድ ነው፤ እመቤት ሳትጨርስ ሠራተኛ አትጀምርም።

እመቤት ታኦ አንድ ማንኪያ ቀመሰች። ፊቷ ተኮማተረ። ዋጠችና ማንኪያውን በመሐረብ ጠረገች፤ ከዚያ ሳህኗን ወደ ጎን ገፋችው፤ መልሳም ሳበችው። ሁለተኛውን በረጅሙ አኘከች። አሮንግን አየቻት፤ መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ እግሯን፣ እንደገና ፊቷን። አንድ ሰው ያዋሰውን ከብት የሚያይበት አስተያየት ነው፤ ርኅራኄ የሚመስል ነገር አልነበረበትም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች። «ብዪ እንጂ። አንቺ ከሞትሽ እኔ ምን ልሆን ነው?»

አሮንግ ማንኪያውን አንስታ መብላት ጀመረች።